በአንድ ዶላር የሚገዛ ዓመት፦ የዊንዶውስ 10 የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ በዩኒቨርሲቲ ዓይን

ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2015 ለተጠቃሚ ከቀረበ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ማይክሮሶፍት በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ሲያወጣው የኖረው የደኅንነት ማሻሻያ ከዚያ ወዲህ ወደ አንድ ተቋም ኮምፒውተሮች የሚደርሰው፣ ተቋሙ «የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ» የተባለውን መርሐ ግብር ከገዛ ነው። መርሐ ግብሩ ለድርጅቶችና ለትምህርት ተቋማት ቢበዛ ለሦስት ዓመት ይሸጣል፤ የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 10 ቀን 2028 ነው። በዩኒቨርሲቲ የአይሲቲ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው እንደመሆኔ፣ እዚህ የምመዝነው አገልግሎቱ ለባንክ ወይም ለፋብሪካ ምን እንደሚበጅ አይደለም። የምመዝነው ኮምፒውተሮቹ በየትምህርት ክፍሉና በየቤተ ሙከራው ተበታትነው ለሚገኙበት፣ አንዱ በማዕከል የተገዛ፣ ሌላው ከምርምር በጀት የተገኘ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከመሣሪያ ጋር ተያይዞ የመጣ ለሆነበት ተቋም የሚሰጠውን ጥቅም ነው።

ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ለንግድ ድርጅት የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ በአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ነው፤ በሁለተኛው ዓመት እጥፍ ሆኖ 122፣ በሦስተኛው ደግሞ 244 ዶላር ይገባል። ለትምህርት ተቋማት ግን በዚያው ቅደም ተከተል 1፣ 2 እና 4 ዶላር ነው። 1,000 ኮምፒውተር ያለው ድርጅት ሦስቱን ዓመት ለመሸፈን 427,000 ዶላር ሲያወጣ፣ ያንኑ ያህል ኮምፒውተር ያለው ዩኒቨርሲቲ 7,000 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ሆኖም ክፍያው ወደ ኋላም ይቆጥራል። የመጀመሪያውን ዓመት ዘሎ በሁለተኛው የገባ ተቋም ያለፈውን ዓመት ሒሳብ አብሮ ይከፍላል፤ ስለዚህ «እስኪ እንየው» ብሎ መቆየት ኮምፒውተሮቹን ያለ ጥበቃ ከማክረም በቀር ምንም ትርፍ የለውም።

ዋጋው እንዲህ መርከሱ ደስ ያሰኛል፤ ችግሩም የሚመጣው በዚሁ በኩል ነው። በአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር የተጠየቀ የፋይናንስ ኃላፊ «ይህ ዕቃ ለምን እስካሁን አልተቀየረም? ማን ይሠራበታል? መቼስ ይወገዳል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አንድ ዶላር የተጠየቀ ኃላፊ ግን ምንም አይጠይቅም። ግዥው በዓመታዊው የሶፍትዌር ውል ላይ አንዲት መስመር ሆኖ ይጨመራል፣ ማኔጅመንት ዘንድ ሳይቀርብ ይጸድቃል፣ በዓመቱም ማንም ሳያስታውሰው ይታደሳል። ለመሸጋገሪያ ተብሎ የተሰጠው ጊዜ በዚህ ዓይነት እንደዋዛ ያልፋል። በእኔ እምነት የአገልግሎቱ ትልቁ ጉድለት ቴክኒካዊ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ሊያደርገው የሚገባውን ከባድ ውይይት በቀላል ገንዘብ እንዲያመልጠው መፍቀዱ ነው። ማይክሮሶፍት ለትምህርት ተቋማት ስላዘነ አይወቀስም፤ ውይይቱን ማንሳት ያለበት ገዢው ነው።

የሚገዛው ነገር ጠባብ ነው፤ ሻጩም ጠባብነቱን አይደብቅም። ማይክሮሶፍት በሁለቱ ከፍተኛ የአደጋ ደረጃዎች የፈረጃቸው የደኅንነት ክፍተቶች ይደፈናሉ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይጠበቅም። አዲስ ገጽታ አይጨመርም፣ ከደኅንነት ጋር ያልተያያዘ ብልሽት አይታረምም፣ ጥያቄው ስለ መርሐ ግብሩ ጭነትና አክቲቬሽን ካልሆነም የቴክኒክ ድጋፍ አይሰጥም። አዲስ የተገዛ ፕሪንተር ወይም ስካነር ለዊንዶውስ 10 የሚሆን ድራይቨር (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) ከሌለው፣ ይህ ክፍያ ድራይቨር አያመጣም።

ከዚህ ጋር በተያያዘ ብዙ ሰው የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የማይክሮሶፍት 365 የቢሮ ፕሮግራሞች፣ ኤጅ የተባለው ማሰሻና የዲፌንደር ጸረ ቫይረስ የመለያ ዝርዝሮች፣ ተቋሙ መርሐ ግብሩን ቢገዛም ባይገዛም በዊንዶውስ 10 ላይ እስከ ኦክቶበር 2028 ድረስ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘታቸውን ይቀጥላሉ። በመሆኑም ምንም ያልተከፈለበት ኮምፒውተር ጸረ ቫይረሱን በየዕለቱ እያደሰ፣ ማሰሻውም አዲስ ቁጥር እያሳየ ሊገኝ ይችላል፤ ተጠቃሚውም «አፕዴት እየመጣልኝ ነው» ብሎ ይረጋጋል። ጸረ ቫይረስ የሚያውቀውን ጥቃት ይለያል እንጂ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ያለውን ቀዳዳ አይደፍንም። የሁለቱን ልዩነት ለመምህራንና ለአስተዳደር ሠራተኞች በአንድ አጭር ደብዳቤ ማስረዳት ከአገልግሎቱ ግዥ እኩል አስፈላጊ ነው።

አሁን ወደ አተገባበሩ እንምጣ። ኮምፒውተሩ 22ኤች2 በተባለው በመጨረሻው የዊንዶውስ 10 ዕትም ላይ መሆን አለበት፤ በቀደመ ዕትም ላይ ያለ ኮምፒውተር አስቀድሞ ወደዚያ ማደግ ይኖርበታል። ከዚያ ቅድመ ሁኔታ የሆኑት ማሻሻያዎች ይጫናሉ፣ የትእዛዝ መስኮቱ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይከፈታል፣ ከማይክሮሶፍት 365 የአስተዳደር ገጽ የተወሰደው ባለ ብዙ አክቲቬሽን ቁልፍ ይገባል፣ የዚያ ዓመት መለያ ቁጥር ተሰጥቶት አክቲቬት ይደረጋል፤ በመጨረሻም የፈቃዱ ዝርዝር ተጠርቶ «ፈቃድ አለው» የሚለው ቃል መታየቱ ይረጋገጣል። በኔትወርክ የሚተዳደሩ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ሁሉ በአንዲት ስክሪፕት ያልቃል፤ ቴክኒሺያኑ ሻዩን ሳይጨርስ መቶ ኮምፒውተር ሊያዳርስ ይችላል። በማዕከል የማይተዳደረው ኮምፒውተር ግን ሰው ይፈልጋል፣ ቁልፍ ይፈልጋል፣ የተቆለፈ የቤተ ሙከራ በር የሚከፍት ሠራተኛ ይፈልጋል። ኢንተርኔት የሌለው ከሆነ ደግሞ አክቲቬሽኑ በሌላ ኮምፒውተር ላይ በተጫነ የፈቃድ ማስተዳደሪያ መሣሪያ አማካይነት ይፈጸማል። በሁለተኛው ዓመት ቁልፉ ሌላ፣ መለያ ቁጥሩም ሌላ ስለሆነ ሥራው እንደገና ይጀመራል። አንድ ዶላር የተባለው ዋጋ ይህን ድካም አይጨምርም፤ የባለሙያው የሰዓት ክፍያ ከፈቃዱ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

አጀማመሩም እንከን አላጣውም። የመጀመሪያው የክፍያ ማሻሻያ በኖቬምበር 2025 ሲወጣ በአንዳንድ የተቋማት ኮምፒውተሮች ላይ አልጫን ብሎ ነበር፤ ማይክሮሶፍትም የፈቃድ ማዘጋጃ ጥቅል ለብቻው አውጥቶ አስተካክሎታል። ችግሩ ለረጅም ጊዜ የቆየ ባለመሆኑ ብዙ ነጥብ አልቀንስበትም። ከዚያ የሚወሰደው ነገር፣ «ገዝተናል» ማለትና «ተጭኗል» ማለት የተለያዩ መሆናቸውን ነው፤ በየወሩ የጭነት ሪፖርት የማይመለከት ክፍል ቁልፍ ይዞ ማሻሻያ ሳይኖረው ሊከርም ይችላል።

አገልግሎቱ በእውነት ዋጋውን የሚያወጣው ከምርምር መሣሪያዎች ጋር በተያያዙ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። አንድ ማስ ስፔክትሮሜትር ወይም ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለግላል፤ ጎኑ የተቀመጠው ኮምፒውተር ግን ያን ያህል ዕድሜ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አያገኝም። የመቆጣጠሪያው ሶፍትዌር በአምራቹ የተመሰከረለት ለተወሰነ የዊንዶውስ ዕትም ነው፤ ከመሣሪያው ጋር የሚያገናኘው ካርድ ድራይቨሩም የዚያው ዘመን ነው። ወደ አዲስ ዕትም ለመሸጋገር አምራቹ አዲስ ሶፍትዌር ይሸጣል፣ አልፎ አልፎም «ለዚህ ሞዴል ከእንግዲህ አናወጣም» ይላል። ተመራማሪውም በጥናቱ አጋማሽ ላይ ሶፍትዌር ተቀይሮ የቀድሞውና የአዲሱ ውጤት አልነጻጸር እንዳይለው ይሰጋል። እንዲህ ባለው ክፍል የገባ ሰው በሞኒተሩ ጠርዝ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች፣ ጠርዟ የተጠቀለለ ወረቀት ያያል፦ «እባካችሁ አፕዴት አታድርጉ!» ከሥሯ የተጻፈው ስም ብዙ ጊዜ ከተመረቀ የቆየ የዶክትሬት ተማሪ ስም ነው።

ለዚያች ወረቀት ጸሐፊ የተራዘመው ማሻሻያ ከሞላ ጎደል የሚመች መልስ ነው፤ የደኅንነት ክፍተት ብቻ ስለሚደፍን፣ ገጽታና አሠራር ስለማይለውጥ፣ የመቆጣጠሪያው ሶፍትዌር የመበላሸት ዕድሉ ከዕትም ለውጥ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው። የቀረው ስጋት ዳግም ማስነሳቱ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ናሙና ሲለካ የሚያድር መሣሪያ ኮምፒውተሩ በመሐል ቢነሣበት ናሙናውም ጊዜውም ይባክናል። ስለዚህ ጭነቱ በራሱ እንዲሄድ ከመተው ይልቅ፣ ከቤተ ሙከራው ኃላፊ ጋር ተነጋግሮ በወር አንድ የታወቀ ሰዓት ቢቆረጥለት ይሻላል። ከዚህ ጋር ኮምፒውተሩ ለብቻው በተከለለ የኔትወርክ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ በፋየርዎሉ በኩል ወደ ውስጥ የማሻሻያ ሰርቨርና ወደ ፋይል ማስቀመጫው ብቻ እንዲያልፍ ቢደረግ፣ የውጤት ፋይሎችም በፍላሽ ዲስክ መዘዋወራቸው ቢቀር፣ ሦስቱን ዓመት በሰላም ሊዘልቅ ይችላል።

«ምንም ሳንከፍል ብንቆይስ? ከባድ አደጋ ቢመጣ ማይክሮሶፍት ዝም አይልም» የሚሉ አሉ፤ መነሻቸው የ2017ቱ ዋናክራይ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፉ ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ያበቃ ቢሆንም፣ በሜይ 2017 ያ ቤዛ ጠያቂ ጥቃት ዓለምን ሲያዳርስ ኩባንያው ለኤክስፒም የአስቸኳይ ጊዜ ማሻሻያ አውጥቷል። ይሁን እንጂ የቀኖቹ ቅደም ተከተል ይታይ፦ ድጋፍ ለነበራቸው ዕትሞች መድኃኒቱ የወጣው በማርች፣ ጥቃቱ የመጣው በሜይ፣ ለኤክስፒ ማሻሻያው የተለቀቀው ጥቃቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። ምሕረቱ የደረሰው ሰርጎ ገቡ ከገባ በኋላ ስለሆነ በእሱ ላይ ዕቅድ አይሠራም።

በሌላው ጫፍ፣ አገልግሎቱን መግዛት የማይመከርባቸው ቦታዎች አሉ። የተማሪዎች የኮምፒውተር ክፍሎችና የአስተዳደር ጠረጴዛዎች ላይ ያሉት አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች የተለየ ሶፍትዌር የላቸውም፤ ጥያቄው ሃርድዌሩ ዊንዶውስ 11ን ይችላል ወይስ አይችልም የሚል ብቻ ነው። መስፈርቱ የታወቀ ነው፦ የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቀው የቲፒኤም 2.0 ቺፕ፣ የተጠበቀ አነሳስ የሚችል ዩኢኤፍአይ የተባለ የኮምፒውተር ማስነሻ ሶፍትዌር፣ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ እንዲሁም በኢንቴል በኩል በመሠረቱ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር። ብዙ ጊዜ «አይችልም» ተብሎ የሚመዘገበው ኮምፒውተር ቲፒኤሙ በባዮሱ (በማስነሻው ቅንብር) ውስጥ ተዘግቶ የቀረ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ የማጣሪያ ሪፖርቱን አምኖ ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር ማራዘሚያ መግዛት አላስፈላጊ ነው። ፕሮሰሰሩ በእርግጥ ያረጀ ከሆነ ደግሞ አንድ ዓመት ቢገዛለት ያስኬዳል፤ ከዚያ በላይ ግን አልደግፍም፤ ዕድሜ የሚጨመርለት ኮምፒውተር በሃርድዌሩም እየደከመ የሚሄድ ነውና።

ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገርም ቢሆን ከቀን ቆጠራ አያወጣም። የኢንተርፕራይዝና የኤጁኬሽን ዕትሞች ለእያንዳንዱ ዓመታዊ ልቀት 36 ወር ድጋፍ አላቸው፤ ፕሮ ግን 24 ወር ብቻ ነው። «ፕሮ ኤጁኬሽን» የሚባለውም ስሙ ቢያታልልም ከፕሮ ጋር ነው የሚቆጠረው። ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣውን ፈቃድ ሳያይ የ36 ወር ዕቅድ የሚያወጣ ክፍል አንድ ዓመት ይጎድልበታል። ከኤጁኬሽን ዕትም ልቀቶች 23ኤች2 ኖቬምበር 10 ቀን 2026፣ 24ኤች2 ኦክቶበር 12 ቀን 2027፣ 25ኤች2 ኦክቶበር 10 ቀን 2028 ያበቃሉ። የመጨረሻው ቀን የዊንዶውስ 10 ማራዘሚያም የሚዘጋበት ቀን መሆኑን ልብ ይሏል፤ ሁለቱን ሥራ በአንድ ሰሞን ለመሥራት ያቀደ ክፍል ካለ ከወዲሁ ቢያስብበት ይበጀዋል።

የዩኒቨርሲቲ ዓመት እንደ ድርጅት ዓመት አሥራ ሁለት ወር የለውም። በሴሚስተር አጋማሽ የተማሪዎችን ክፍል ዘግቶ ኮምፒውተር መቀየር አይቻልም፤ በፈተና ሰሞንማ አይታሰብም። ኦክቶበር አጋማሽ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ የተጀመረበትና ሁሉም ክፍል የተያዘበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሦስት ዓመት ሲባል በተግባር የሚገኘው ሦስት ረጅም የዕረፍት ጊዜ ነው፤ ግዥው በበጀት ዓመት ተይዞ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ዕቃው እስኪገባ አንዱ እንደሚያልፍ ከታሰበ የሚቀረው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ለቆጠራና ለበጀት፣ ሁለተኛው ለለውጡ ቢመደብ፣ ሦስተኛው የሚገዛው መሣሪያ ለታሰረባቸው ጥቂቶች ብቻ ይሆናል። በየዓመቱ የሚገዛው የፈቃድ ቁጥር እየቀነሰ ካልሄደ ሽግግር የለም።

ከመሣሪያ ጋር ለተያያዙት ኮምፒውተሮች ሌላ አማራጭ የሚቀርበው ኤልቲኤስሲ የተባለው ረጅም ድጋፍ ያለው ዕትም ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተራው የ2021 ኤልቲኤስሲ ድጋፉ የሚያበቃው ጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ነው፤ ከማራዘሚያው መጨረሻ ቀድሞ። ለመሣሪያ አምራቾች የሚሸጠው የአይኦቲ ኢንተርፕራይዝ ዓይነት ግን እስከ ጃንዋሪ 13 ቀን 2032 ይዘልቃል። አዲስ መሣሪያ የሚገዛ ቤተ ሙከራ በጨረታ ሰነዱ ላይ የትኛው ዕትም እንደሚመጣ፣ ድጋፉም እስከ መቼ እንደሆነ በቀን ለይቶ እንዲጻፍ ቢጠይቅ የወደፊቱን ጣጣ ግማሽ ያስቀራል። ይህን ጥያቄ የሚያነሳ የግዥ ክፍል አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው።

ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ማራዘሚያው የሚመሰገንበት ነገር ቀኑ አስቀድሞ መታወቁ ነው። አፕል ለማክ የድጋፍ ማብቂያ ቀን አያትምም፤ ተጠቃሚው ከልማድ ተነሥቶ የቅርቦቹ ሦስት ዕትሞች ማሻሻያ ያገኛሉ ብሎ ይገምታል። በሊኑክስ በኩል የኡቡንቱ ረጅም ድጋፍ ያላቸው ዕትሞች አምስት ዓመት፣ ሬድ ሃት አሥር ዓመት ይሰጣሉ፤ በምርምር ሰርቨሮች ላይ በሰፊው ይሠራበት የነበረው ሴንትኦኤስ 8 ግን እስከ 2029 ይቆያል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በዲሴምበር 2020 በተሰጠ ማስታወቂያ በ2021 መጨረሻ እንዲያበቃ ተደርጓል። በዚያ ምክንያት የሰርቨር አስተዳዳሪዎች ያሳለፉትን አንድ ዓመት የሚያስታውስ ሰው፣ ቀኑ ተቆርጦ ለታወቀ ነገር አንድ ዶላር መክፈል አይከብደውም።

የመምህራንና የተማሪዎች የግል ላፕቶፖች በዩኒቨርሲቲው ፈቃድ አይሸፈኑም። ለግለሰብ የተዘጋጀው መርሐ ግብር ለብቻው ነው፤ በ30 ዶላር፣ ወይም የኮምፒውተሩን ቅንብር ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር በማመሳሰል ያለ ክፍያ ይገኛል፤ የሚዘልቀውም እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ነው። ዶሜይን በተባለው የተቋሙ የጋራ ማስተዳደሪያ ኔትወርክ ውስጥ የገባ ወይም በመሣሪያ ማስተዳደሪያ ሥርዓት የተመዘገበ ኮምፒውተር በዚህ መንገድ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ ተቋሙ ሰጥቶ የረሳው ላፕቶፕ በሁለቱም በኩል ሳይሸፈን የሚቀርበት ዕድል አለ። እንዲህ ያሉትን መለየት የአይሲቲው ክፍል ሥራ ነው፤ መምህሩ ራሱ ሊያውቀው አይችልም።

ለመግዛት የሚያስብ ዩኒቨርሲቲ ከእኔ አንድ ምክር ቢጠይቅ፣ ቁልፉን በጅምላ አታሰራጩ እላለሁ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ቁልፍ ከመውሰዱ በፊት የኃላፊ ስም፣ የሚገኝበት ክፍልና የሚወገድበት ወይም የሚቀየርበት ቀን ይመዝገብለት፤ በሁለተኛው ዓመት ቁልፉ የሚታደሰው ቀኑ በጽሑፍ ተጠይቆ ለተራዘመለት ብቻ ይሁን። የዊንዶውስ 7 ማራዘሚያ ሦስት ዓመቱን ጨርሶ ጃንዋሪ 10 ቀን 2023 ሲዘጋ ለዩኒቨርሲቲ የሚሸጥ አራተኛ ዓመት አልመጣም፤ ለዊንዶውስ 10ም ይመጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ከኦክቶበር 10 ቀን 2028 በኋላ መሣሪያውን ሊለቅ የማይችል ኮምፒውተር ከቀረ፣ ገመዱ ከኔትወርኩ ተነቅሎ ብቻውን መሥራት የሚችል መሆኑ ከዚያ ቀን በፊት ተሞክሮ መታየት አለበት፤ የማይችል ከሆነ ለመሣሪያው ምትክ በጀት የሚጠየቀው በመጀመሪያው ዓመት ነው።